ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ

ለደሴ ከተማ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፣
ለኮምቦልቻ ከተማ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፣
ተረት ለሚያውቁ የወሎ እናቶችና አባቶች ሁሉ፣

ጉዳዩ፦ የወሎን ተረት በድምፅ ስለመቅዳትና በከተማችን ግድግዳ ላይ ስለመሳል

እንደምን ሰነበታችሁ።

ደሴ ተወልጄ ያደግኩ ሠዓሊ ነኝ። የምስለው በዓይን የማይታየውን ነው። ጭራቅ፣ ዘንዶ፣ የወንዝ ጅን፣ አያ ጅቦ፣ እመት ጦጣ። ወጣቶቹ «ፋንታሲ አርቲስት» ይሉኛል። እኔ ግን ሰው ሲጠይቀኝ «ተረት ሠዓሊ ነኝ» እላለሁ። በዚህ ሥራ 14 ዓመት ሆነኝ። የቤት ኪራዬም የልጄ የትምህርት ቤት ክፍያም የሚወጣው ከዚሁ ነው።

ዛሬ የምጽፍላችሁ ልለምናችሁ ነው። የምለምነው አንድ መቅረጸ ድምፅና አንድ ግድግዳ ነው። ከየት እንደመጣ ካልነገርኳችሁ ግን የአንዲት ሠዓሊ የሥራ ፍለጋ ይመስልባችኋል። ስለዚህ ትንሽ ታገሱኝ።

ነገሩ የሚጀምረው ከጅብ ነው።

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ክረምቱን ሐይቅ ከተማ አያቴ ቤት ከረምኩ። አያቴ የሙስሊም ልጅ፣ የክርስቲያን ሚስት ነበረች። ለወሎ ሰው ይህን ማብራራት አያስፈልግም። የፈላ ውሃ ስትደፋ «ቢስሚላህ» ትላለች፤ መሬት ውስጥ ያለው ፍጥረት እንዳይቃጠል። መብረቅ ሲጮህ «በስመ አብ» ትላለች። ማታ ማታ ቡና ታፈላለች። አቦል ላይ የጎረቤት ወሬ ነው። ቶና ላይ የዘመድ። የጅንና የጭራቅ ወሬ የሚመጣው በረካ ላይ ነው። ፍሙ አመድ ሲለብስ፣ ትንንሾቹ እንቅልፍ ሲያዳፋቸው። እኔ አልተኛም ነበር።

አንድ ምሽት አያ ጅቦን በደብተሬ ጀርባ ሳልኩትና ሰጠኋት። ወደ ኩራዙ አስጠጋችው። ብዙ አየችው።

«ይኼማ ውሻ ነው» አለችኝ።

ከፋኝ። ጥርሱን አሹዬ፣ ዓይኑን አጉረጥርጬ ነበር የሳልኩት። እሷ ግን ወረቀቱን አስቀመጠችና ከበርጩማዋ ተነሣች። ሰባ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። ትከሻዋን ሰቀለች። ዳሌዋን ዝቅ አደረገች። አንገቷን ወደፊት ቀሰረች። እንደዚያ ሆና ከምድጃው እስከ በሩ ሄደች፤ አንድ እግሯን ትንሽ እየጎተተች። በሩ ጋ ስትደርስ ደረቷን ይዛ ዞረችና አየችን። ታናሽ ወንድሜ ጮኸ።

«ጅብ ፊቱ ከፍ፣ ኋላው ዝቅ ያለ ነው» አለች እየተቀመጠች። «ሲሄድ ያነክሳል ትያለሽ። እግሩ ግን ደህና ነው። እንዲህ አድርገሽ ሳይው።»

ሥዕል ተምሬያለሁ። መምህሮቼን አመሰግናለሁ። ፍጥረት እንዴት እንደሚሳል የገባኝ ግን ያን ምሽት ነው። ምናባዊ ሥዕል ከባዶ የሚመጣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ከባዶ አይመጣም። ጭራቅ የሚያስፈራው የምናውቀው ነገር ውስጡ ስላለ ነው። የጅብ ትከሻ አለው፣ የአሮጊት ጣት አለው፣ የቄጠማ ድምፅ አለው። ያንን ነገር የሚያውቁት ደግሞ ተረቱን የሚያወሩት ሰዎች ናቸው። የኔ ሥራ ግማሹ እርሳስ ከመያዜ በፊት ያልቃል፤ ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። በፊልም የምናየው የፈረንጅ ጭራቅ ሌሊት ነው የሚወጣው። ጨለማ ይረዳዋል፤ ሠዓሊውንም ይረዳዋል። የአያቴ የወንዝ ጅን ግን ቀትር ላይ ነው የሚወጣው። «ስድስት ሰዓት ሲሆን ቦርከና አትውረዱ» ትለናለች። ዳዊት ደጋሚዎችም «ጋኔነ ቀትር» ይላሉ። ታዲያ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ፣ ሁሉ ነገር ወለል ብሎ እየታየ፣ ፍርሃትን እንዴት ትስሉታላችሁ? ብዙ ወር አስቸገረኝ። በመጨረሻ አንድ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ወንዝ ዳር ሄጄ ተቀመጥኩ። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች አሉ። የሁሉም ጥላ ከእግራቸው ሥር ተሰብስቧል፤ እንደ ሰሃን ክብ ሆኖ። ሥዕሉን ያገኘሁት ያኔ ነው። ሰባት ሴቶች ያጥባሉ። ስድስቱ ጥላ አላቸው።

ወደ ኑሮው ልመለስ። ትምህርቴን ስጨርስ ለተረት ሥዕል የሚከፍል ሰው አልነበረም። የዳቦ ቤት ታፔላ ሳልኩ። ባጃጅ ላይ ጥቅስ ጻፍኩ። የሠርግ ካርድ፣ የልደት ባነር፣ የጸጉር ቤት ግድግዳ። ባጠራቀምኩት ብር ያገለገለ የሥዕል ታብሌት ገዛሁና ውጭ አገር ላሉ የጌም ሠሪዎች በኢንተርኔት መሥራት ጀመርኩ። የምሠራው መብራት በመጣ ሰዓት ነው፤ ብዙ ጊዜ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በኋላ። የሚያዙኝ ጆሮው የሾለ የጫካ ሕዝብ፣ መጥረቢያ የያዘ ድንክ፣ እሳት የሚተፋ ባለክንፍ ዘንዶ ነው። የሰው አገር ተረት ነው። ደስ ብሎኝ ሠርቻለሁ፤ ብዙም ተምሬበታለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ግን የራሴን አንድም አልሳልኩም።

አንድ ቀን የሰፈራችን ሰው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ መጣ። የአያቱ ክታብ ነው። ቀለሙ እየለቀቀ ስለሆነ ገልብጬ እንዳስቀርለት ፈለገ። ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋሁት። ጠረጴዛው አልበቃ አለና ወለል ላይ አወረድነው። ብራናው ከመዳፍ ብዙም አይሰፋም። ርዝመቱ ግን የሰው ቁመት ነው። ድሮ ደብተራው ክታብ ሲሠራ የባለቤቱን ቁመት ለክቶ ነው፤ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እንዲጠብቀው። ሦስት ቁራጭ ብራና በቀጭን ጠፍር ተያይዟል። የአያትየው የክርስትና ስም በቀይ ቀለም ገብቷል። ከላይ ቅዱስ ሱስንዮስ በፈረስ ሆኖ ሕፃናት የምትገድለውን ውርዝልያን በጦር ይወጋታል። ከዚያ ዝቅ ብሎ አንድ ኮከብ አለ። መሐሉ ላይ የሰው ፊት፣ ዙሪያውን ስምንት ጨረር፣ በየጨረሩ መካከል ዓይን። ዓይኖቹ ሁሉ ወደኔ ያያሉ።

ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ብዙ ቆየሁ። ደብተራው ማን እንደሆነ አይታወቅም። እኔ በኮምፒውተር ሳሳድደው የኖርኩትን ነገር እሱ በመቃ ብዕርና ከጥላሸት በተሠራ ቀለም ጨርሶታል። ያ ክታብ ከሰፈሬ ሁለት ቤት አልፎ ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር።

በአሮጌው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደግሞ አንድ ልማድ አለ። ጻድቁ ሙሉ ፊቱ ይሳላል፤ ሁለቱም ዓይኑ ይታያል። ክፉው በጎኑ ይሳላል፤ አንድ ዓይን ብቻ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ጭራቅን በጎኑ ነው የምስለው። የሚያስፈራው የተደበቀው ዓይኑ ነው።

ይህን መንገድ እኔ አልጀመርኩትም። እስክንድር ቦጎሲያን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ፓሪስ ሆኖ ሲስል የክታቡንና የብራናውን ምልክት ከአፍሪካ አፈ ታሪክ ጋር አዋሕዶታል። በኋላም አዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ከዚያም ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን አስተምሯል። ዘሪሁን የትምጌታ ደግሞ ጎን ለጎን በተደረደረ የቀርከሃ ስንጥር ላይ እነዚያኑ ዓይኖች አምጥቷቸዋል። እነሱ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። እኔ የምጠይቀው የዚያ መንገድ አንድ ጎዳና በወሎ በኩል እንዲያልፍ ነው።

እምቢ ያልኩት ሥራም አለ። አንድ ደንበኛ ለፊልም ፖስተር ቡዳ እንድስልለት አዘዘኝ፤ ቀን ሰው ሆኖ ሌሊት ጅብ የሚሆን። ክፍያው ጥሩ ነበር። ሰውየው ግን መዶሻና ወናፍ እንዲይዝ ፈለገ። ቀጥቃጭ መሆኑ እንዲታወቅ። አልሠራም አልኩት። ልጅ ሳለሁ እናቷ ሰኞ ገበያ ሸክላ የምትሸጥ ልጅ እኛ ክፍል ነበረች። ምሳ ሰዓት ብቻዋን ነበር የምትበላው። እናቷ የሠራችው ጀበና በየቤታችን ቡና ያፈላል። ልጇን ግን ዓይኗን ፈርተን ሸሸናት። እኔም ሸሽቻታለሁ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ተረት እንዲህም ያደርጋል። ስለዚህ ተረት የሚስል ሰው የማንን ፊት ለማን እንደሚሰጥ ማወቅ አለበት። የኔ ቡዳ የማንም ባለእጅ ፊት የለውም፤ አይኖረውምም።

የአውልያንና የቅዱሳንንም ነገር አልነካም። የገታንና የጀማ ንጉሥን፣ የግሸንንም ታሪክ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። እነሱ የምእመኑ እምነት ናቸው። እኔ የምስለው ምድጃ ዳር የሚወራውን ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ግድግዳ ስጠይቃችሁ ይህ ስጋት እንደሚመጣ ስለማውቅ ነው።

ስጋቱን ቀምሼዋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሥዕሎቼን ለልጆች ላሳይ ብዬ አዳራሽ ጠይቄ ነበር። «ሰይጣን ሰቅለሽ ልጆቻችንን ልታስፈሪብን ነው?» ተባልኩ። ያሉኝ ሰዎች ክፉ አይደሉም። ልጅ የሚወድ ሰው እንዲህ ይላል። ግን ልጆቻችን ጭራቅ ማየታቸው አልቀረም። ስልክ ላይ የሰው አገር ዞምቢ ሲያዩ ይውላሉ። ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው። ዞምቢ እንዴት እንደሚሄድ ጠየቅኳት። ተነሥታ እጆቿን ዘርግታ እየተንገዳገደች አሳየችኝ። አሪፍ አድርጋ። አያ ጅቦስ እንዴት ነው የሚሄደው? አልኳት። ዝም ብላ አየችኝ። ያን ማታ ትከሻዬን ሰቅዬ፣ ዳሌዬን ዝቅ አድርጌ፣ ከሶፋው እስከ በሩ ሄድኩላት።

የኛ ማስፈራሪያ ደግሞ ሥራ ነበረው። ቀትር ላይ ወንዝ አትውረዱ የተባለ ልጅ አይሰጥምም። ማታ አመድ መድፊያ አትርገጡ የተባለ ልጅ በተዳፈነ ፍም እግሩ አይቃጠልም። ፍርሃቱ ውስጥ እናት አለች።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። መጻፍ ያስቸገረኝ ይኼኛው ነው።

አያቴ ስታረጅ ደሴ እኛ ጋ መጣች። ሁለት ዓመት ያህል ማታ ማታ ቡና ላይ በስልኬ ቀዳኋት። 31 ተረት። አንዳንዱ አምስት ደቂቃ ነው፤ አንዳንዱ ቡናው ከአቦል እስከ በረካ አልቆም አያልቅም። ከበስተጀርባ ሲኒ ይንኳኳል፣ ጎረቤት ይገባል፣ «ኧረ ተይ!» የሚል ይሰማል። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ማለቂያ ላይ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ከተማውን ለቀን ወጣን። ብዙዎቻችሁም ወጥታችኋል፤ መንገዱን ታውቁታላችሁ። አያቴን በየተራ ደግፈን ነበር። ስልኩ መንገድ ላይ ጠፋ። ሌላ ቦታ አላስቀመጥኩትም ነበር።

ስንመለስ ብዙ ነገር ጠብቆናል። የደሴ ሙዚየምም ተዘርፎ ነበር። ሰው ሁሉ ስለ ሙዚየሙ አዘነ፤ እኔም አዘንኩ። ዕቃ ሲዘረፍ ባዶ መደርደሪያ ይቀራል፤ ሰው ያየዋል። ተረት ሲጠፋ ግን ለማን ይታያል?

«እንደገና ልቅዳሽ» ስላት አያቴ «አብሽሪ፣ ቀስ ብለን» ትለኝ ነበር። በዓመቱ አረፈች። ከ31ዱ ተረት 19ኙን አስታውሳለሁ። የሌሎቹን ስማቸውን ብቻ ነው የማውቀው።

ለዚህ ነው የምጽፍላችሁ። ሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ ነው። ዛሬ ኩታበር፣ ወረባቦ፣ ቃሉ ውስጥ እንደ አያቴ ያሉ እናቶችና አባቶች አሉ። ልጆቻቸው ከተማ ገብተዋል፣ አረብ አገር ሄደዋል። በረካ ላይ የሚሰማቸው የለም።

ሌሎች አገሮች ምን እንዳደረጉ ሁለት ሰው ጠቅሼ ልለፍ።

ኢቫን ቢሊቢን የሕዝቡን ተረት በመሳል የታወቀ ሩሲያዊ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1902 እስከ 1904 የሩሲያ ሙዚየም ወደ ሰሜኑ ገጠር ላከው፤ ወደ ቮሎግዳ፣ አርካንግልስክና ኦሎኔትስ። ገና ሃያዎቹ ውስጥ ነበር። የእንጨት ቤቶችን ፎቶ አነሣ፤ የገበሬውን የእጅ ሥራ አጠና። ያ ሁሉ ኋላ ሥዕሎቹ ውስጥ ገባ። ልብ በሉልኝ፤ ሠዓሊውን የላከው የመንግሥት ሙዚየም ነው።

ሁለተኛው ሺገሩ ሚዙኪ ነው። ጃፓናዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1922 ተወለደ። ያደገው ሳካይሚናቶ በምትባል የዓሣ ወደብ ነው። ልጅ ሳለ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ዮካይ የሚሏቸውን የጃፓን መናፍስት ወሬ የነገሩት እሳቸው ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፓስፊክ ውቅያኖስ ባለችው ራባውል ላይ ግራ እጁን አጣ። በቀረችው ቀኝ እጁ የአሮጊቷን መናፍስት እየሳለ ለጃፓን ልጆች ሁሉ አደረሳቸው። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1993 በአንድ መንገዷ ላይ 23 የነሐስ ሐውልቶች አቆመች፤ የሱን ፍጥረቶች። ዛሬ ሐውልቶቹ ከ170 በላይ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 በስሙ ሙዚየም ተከፈተ። ወደ ከተማዋ የሚወስደው ባቡር ላይ ሳይቀር ዮካይ ተስሏል። ሳካይሚናቶ ከደሴ በጣም የምታንስ ከተማ ናት። ሰው ዓሣዋን ሊበላ ብቻ አይሄድም። የአንዲት አሮጊት ወሬ አንድ ልጅ ጆሮ ገብቶ ከተማ አቆመ።

እኛ ጋ እንግዳ ያልፋል። የላሊበላ መንገደኛ ደሴ ያድርና ማለዳ ይነሣል። የጅቡቲ ሹፌር ኮምቦልቻ ምሳውን በልቶ ይሄዳል። የንጉሥ ሚካኤልን የግብር አዳራሽ፣ አይጠየፍን፣ የሚያሳየው ሰው ካገኘ ያያል፤ ካላገኘ የጦሳን ተራራ በመስኮት አይቶ ያልፋል። እዚህ አንድ ቀን የሚያስቆመው ነገር ቢኖርስ?

እንግዲህ ልመናዬ ይኸው።

በሳምንት አንድ ቀን፣ አንድ መቅረጸ ድምፅና ሁለት ተማሪ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴም ኮምቦልቻም ግቢ አለው። የቋንቋ ተማሪዎች ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ፤ አንዳንዶቹን አነጋግሬያለሁ። ተረቱ እንደተነገረው ይቀዳ። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም። ሲኒው ሲንኳኳ አይቆረጥ። የተራኪው ስም፣ ቀበሌውና ቀኑ ይጻፍ። የተቀዳው ደግሞ ቢያንስ ሦስት ቦታ ይቀመጥ። እንደኔ አንድ ስልክ ላይ አይሁን። እባካችሁ።

ተራኪዎቹም በነጻ አይንገሩን። ተረት ያለቀ ጊዜ ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን። «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ።» ስቀን እናልፈዋለን። አያቴ ግን የምሯን ነበር። ዳቦው ካልተቆረሰላት ሌላ «ተረት ተረት» አትልም። እኛም «የላም በረት» ብንል አትሰማንም። ውል ነው። የነገረ ይበላል፤ የሰማ ይመልሳል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ተራኪ ቡናና ስኳር፣ የድካማቸው ዋጋም በእጃቸው ይሰጣቸው። ስማቸውም ከሥዕሉ ሥር ይጻፍ።

ግድግዳውን በተመለከተ። ደሴ ዳገት ናት። ዳገት ባለበት ሁሉ የድጋፍ ግንብ አለ። አንዱን ስጡኝ፤ ሰው በእግሩ የሚያልፍበት ይሁን። የግንብ ሥዕል ከሸራ እንደሚለይ አውቃለሁ። የደሴ ጉምና ዝናብ ተራ ቀለምን በአንድ ክረምት ይልጠዋል። ስለዚህ ስንጥቁ መጀመሪያ ይደፈናል፤ ግንቡ በበጋ እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ ከዚያ የውጭ ቀለም ይገባል። የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹን ደግሞ አልደፍናቸውም። ከደፈንኳቸው ግንቡ ውስጥ የታቆረው ውሃ ቀለሙን ከኋላ ይገፋዋል። የዘንዶ አፍ አደርጋቸዋለሁ። ክረምት ሲገባ ዘንዶው ውሃ ይተፋል፤ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቆመው ያዩታል።

ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ናት፤ ረጅም አጥር አላት። እዚያ ሥዕሉ ወደ ጎን ይሄዳል። አንዱ ተረት ከመነሻው እስከ መድረሻው፣ ሰው እየተራመደ የሚያነበው። ንግሥተ ሳባን በብዙ ክፍል ከፋፍሎ በአንድ ሸራ ላይ መሳል የኖረ ልማዳችን ነው። አጥሩ ያንን ይችላል።

ንድፎቹን አስቀድሜ ለሃይማኖት አባቶችና ለአገር ሽማግሌዎች አሳያለሁ። ይህ ይቅር ያሉኝ ይቀራል። ለመጀመሪያው ግድግዳ የእጄን አልጠይቅም፤ ቀለሙና መወጣጫው ብቻ ይቻለኝ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ግን ወጣቶች ይሥሯቸው፤ ተከፍሏቸው። በዚህ ከተማ ከኔ የተሻለ እጅ ያላቸው ልጆች አውቃለሁ። ታፔላ እየሳሉ ነው ያሉት።

የመጀመሪያው ግድግዳ የሐይቅ ተረት ቢሆን እመኛለሁ። ታውቁታላችሁ። ድሮ ሐይቁ ውሃ አልነበረም፤ አገር ነበር። የንጉሥ ልጅ በአንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ላይ ግፍ ሠራች። እግዚአብሔር ተቆጣ። አገሩ ሁሉ ውሃ ሆነ። ልዕልቲቱ ከነዘመዶቿ ሰጠመች። ሴቲቱ የተቀመጠችባት መሬት ብቻ ቀረች። ኋላ አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለው እዚያች መሬት ላይ ነው ይባላል። ገዳሙ የወንዶች ስለሆነ እኔ አልገባም። ማዶ፣ ቄጠማው ጋ ተቀምጬ ነው የሳልኩት። 11 ንድፍ አለኝ።

ሴቲቱን መሬት ላይ አስቀምጫታለሁ። አንድ እጇ ሆዷ ላይ፣ አንዱ ሣሩ ላይ ነው። ሙሉ ፊቷ ይታያል። ልዕልቲቱ በጎኗ ናት። ውሃው ከኋላቸው ገና ጤዛ ያህል ነው፤ ያላስተዋለ ሰው አያየውም።

አያቴ ይህን ተረት ስትነግረን ሴቲቱ ውሃው ከመምጣቱ በፊት አንድ ነገር ትላለች። ግጥም ነው፤ ሁለት ስንኝ። አያቴ እዚያ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ ታደርግ ነበር፤ ጀበናውን እንኳ አታነሣም። ስልኩ ላይ ነበር። ዛሬ ዜማው ይመጣልኛል። ቃሉ አይመጣልኝም። እናቴን ጠየቅኳት፣ አክስቶቼን ጠየቅኳቸው። ዜማውን ሁሉም ያውቁታል።

ንድፉ ላይ የሴቲቱ አፍ አልተሳለም። ምን እንደምትል ካላወቅኩ እንዴት እንደምከፍተው አላውቅም።

በሐይቅ፣ በተሁለደሬ፣ በወረባቦ፣ የትም ያላችሁ እናቶች፤ ያችን ስንኝ የምታውቁ ካላችሁ ላኩብኝ። ቡናውንም ዳቦውንም ይዤ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የደሴ ተረት ሠዓሊ